የአባባ ጊታር ድምፅ እና የጋሽ ዶይል ጆሮ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለሬይመንድ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያስጨንቅሃል? እዚያ አላስካ ክረምቱ አልፎ ደግሞ ፀሐይዋ አልጠልቅ አለች ብለህ ጽፈህልን እማማ «ታዲያ ልጄ መቼ ይተኛል?» እያለች ስትጨነቅ ሰነበተች። እንቅልፉ እንዴት ሆነልህ? ምግቡስ? አብሮህ የሚያድረው የሉዊዚያናው ክሎቪስ ማንኮራፋቱን ቀነሰ ወይስ አሁንም ጫማ ትወረውርበታለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማማ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴ ቪክቶር ደህና ነው፤ ዳና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አያቷን ትመስላለች። ዝናቡ በጊዜው ጥሎልን ጥጡ ጉልበት አልፏል። ነጠብጣቧ ላም ወይፈን ወልዳለች። እኔም ዳቦ ቤቱ ውስጥ እንደ ድሮዬ ነኝ፤ ጎህ ሲቀድ ዱቄት ለብሼ፣ ረፋድ ላይ በፕለም የተሞላውን ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቼውን፣ ስሸጥ እውላለሁ።

ይህን ሁሉ ደህና ብዬ ስጽፍልህ ግን ልቤ ደህና ሆኖ አይደለም። ባለፈው ደብዳቤህ የጠየቅከኝን ጥያቄ ሳልመልስልህ የቆየሁት ረስቼው እንዳይመስልህ። «ስልክ በደወልኩ ቁጥር አባባ ሁለት ቃል ሳይናገረኝ ለእማማ ይሰጣታል፤ አሁንም ቂም ይዞብኛል ወይ?» ብለህ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን ስለማላውቅ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጨንቆኝ ነው። አሁን አውቄዋለሁ። ቂም አይደለም። የሆነውን ግን ከሥሩ ካልነገርኩህ አይገባህምና ታግሠህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ እንደ ጠረጴዛ ከፊቱ አቁሞ፣ ክሩን በብረት እየዳሰሰ፣ ፔዳል እየረገጠ ከሚጫወተው ጊታሩ ነው። የአባባን ድምፅ ታውቀዋለህ። አንዷን ክር ይመታና ወዲያው አያሰማህም፤ በእግሩ ፔዳል ይዞ ይደብቃታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃታል። ከእርሻ ማዶ ሰው ሲጠራህ መጀመሪያ ነፋስ ይመስልሃል፣ ኋላ ነው ስምህ መሆኑን የምታውቀው፤ የእሱም እንዲያ ነበር። በግራ እጁ የያዘው ብረት እንኳ ክሩ ላይ የሚንቀጠቀጠው ዘግይቶ፣ ድምፁ ሊያልቅ ሲል ነው። ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። ዘፋኙ አንድ ስንኝ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቅና፣ ሰውየው ያላለውን አንድ ነገር ብቻ ጣል አድርጎ መልሶ ዝም ይላል።

የጋሽ ዶይል ፕሩዊትን ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የጣታቸው ብረቶች ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ናቸው። አምስት ስድስቱን ክር ባንዴ ይነኩና ፔዳሉን ሲረግጡ፣ ጉልበታቸውን ወደ ጎን ሲገፉ፣ ያ የተደራረበ ድምፅ እንዳለ ተገልብጦ ሌላ ይሆናል። ጥርት ያለ ነው፤ እንደታጠበ ብርጭቆ። ፖልካ ሲሆን እግር ያስነሳሉ፤ ዋልዝ ሲሆን ግን ሰው መደነሱን ትቶ ጣታቸውን ያያል። አባባ ስለ እሳቸው «ሰውዬው የሚለው ነገር ባይኖረውም አፉን አይዘጋም» ይል ነበር። እሳቸውም «ኤሚል ኮቫር አንዷን ክር መትቶ ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቶ ይመለሳል» ይሉ ነበር። አገሩ በሙሉ የኤሚል ወገንና የዶይል ወገን ተብሎ ተከፍሎ ነበር እኮ፤ የቪክቶር አጎቶች እንኳ በእኛ ሠርግ ላይ በዚህ ነገር ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንተም መሐላቸው ገብተህ ተጎዳህ። አባባ «ያስተማርኩህ እኔ፣ የምታሰማኝ የዶይልን እጅ» ያለህ ቀን ጊታርህን ሳጥን ውስጥ ከተህ፣ በወሩ አላስካ ሄድክ። ያንን ማንሳት እንደማትወድ አውቃለሁ፤ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ ካለፈው ዓመት መከር ወዲህ የአባባ ድምፅ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወትበት የማኅበሩ ዳንስ አዳራሽ ጣሪያ ስለታደሰ ይሆናል አልን። ቀስ በቀስ ግን ያ ወፍራም ድምፅ እየቀጠነ፣ እየሾለ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ሆነ። የድምፅ ማጉያው ላይ ያለችውን የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ በየሳምንቱ ከፍ ያደርጋታል፤ በገና ሰሞን መጨረሻዋ ላይ ደረሰች። አባባ ግን «ይህ ዕቃ ሞቷል፣ ድምፁ ታፍኗል» ይላል። ክሩን ቀየረ። የማጉያውን ሆድ ሂውስተን ልኮ አሠራ። ከዚያ ደግሞ ጥፋቱን ከበሮ መቺው ላይ አደረገው። ወይዘሮ ኦልጋ ማካላን ታስታውሳቸዋለህ፤ ከባላቸው ጋር ሁልጊዜ መድረኩ ሥር ነበር የሚደንሱት። አሁን በሩ አጠገብ ይደንሱ ጀመር። አንድ ቀን ሳልፍ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ አየሁ። አይተው አፈሩ፤ እኔም አፈርኩ።

በየካቲት መጨረሻ ሃርላን ስቴግል ዳቦ ቤት መጣ። የባንዱ መሪ ሆኖ ስንት ዓመት ከአባባ ጋር ቆሟል መሰለህ፤ ፊቱ ግን መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ፊት ነበር። ኮላቼ ገዛና ሳይበላው በእጁ እንደያዘው ቆመ። ሰው ወደ ሌላ አዳራሽ መሄድ ጀምሯል፣ ማኅበሩም ለግንቦት በዓል ሌላ ባንድ እንጥራ ወይ እያለ ነው አለኝ። «ሚላ፣ አንቺ ንገሪው። እኔ ልነግረው ሦስት ጊዜ በራችሁ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ» አለኝ። ለምን እኔ ብዬ ተቆጣሁት። እሱም ካልሆነ ዶይልን ወይም ሂውስተን ያለ አንድ ወጣት እንደሚቀጥር ነግሮኝ፣ ኮላቼውን ባንኮኒው ላይ ትቶት ወጣ።

በዚያ እሑድ ልነግረው ሞከርኩ። እያረሰ ነበር። ትራክተሩን እስኪያጠፋ ጠብቄ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ ድምፁ ትንሽ ሾል ብሏል አልኩት። ሁለት ጊዜ «ምን?» አለኝ። በሦስተኛው ሲሰማኝ፣ ጆሮሽ የዶይል ወገን ሆኗል ማለት ነው ብሎኝ ሞተሩን አስነሳ። እማማ ጋ ገብቼ ሳለቅስባት አልተገረመችም። ለካ ከመከሩ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል። በእረፍት ሰዓት ቢራ ስትወስድለት ከማጉያው ኋላ ትዞርና ማዞሪያዋን ሰርቃ ዝቅ ታደርጋት ነበር። እሱ ደግሞ ሲቀመጥ «ማነው የነካካው?» እያለ መልሶ ከፍ ያደርጋታል። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ።

ምክር ሲያልቅብኝ ለቪክቶር እንኳ ሳልነግር ጋሽ ዶይል ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ የውኃ ፓምፕ ፈታተው እጃቸው በግሪስ ጠቁሮ ነበር። የኤሚል ልጅ በሬን አንኳኳች፣ ዛሬ ዓለም ሊያልፍ ነው ብለው ቀለዱብኝ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ቀልዱን ተዉት። ሃርላን አስቀድሞ ደውሎላቸው የአባባን ወንበር እንደሰጣቸው፣ እሳቸውም እምቢ እንዳሉ ነገሩኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ልጄ፣ የምነግርሽን ለአባትሽ ብትነግሪው እክድሻለሁ» አሉኝ። «እኔ ያን ሁሉ ድምፅ የምደራርበው አንዷን ይዤ መቆየት ስለማልችል ነው። አንዷን ለብቻዋ ካቆምኳት ባዶነቷ ይታያል። የአባትሽ ብቻዋን ትቆማለች። ስንት ዘመን ልሰርቀው ሞከርኩ። የእሱን ዓይነት ማጉያ ገዛሁ፣ የእሱን ያህል የሚከብድ ብረት አስቀረጽኩ። ድምፁ ግን ከዕቃው አይደለም። እሱ ሰው ነው የሚጠራበት፤ እኔ ለሰው ነው የማሳይበት።»

ከዚያ ራሴ እነግረዋለሁ አሉኝ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አባባ ጋራዡ ውስጥ ጊታሩን እየወለወለ ነበር። ሲያያቸው «ምነው ዶይል፣ መንገድ ጠፋህ ወይስ ክር አለቀብህ?» አላቸው። ቢራ ፍለጋ ነው አሉት። ቢራ ሰጠኋቸው። ስለ ጥጥ ተጨዋወቱ፤ አባባ ግማሹን ሳይሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ጋሽ ዶይል እስቲ ተጫወት አሉት። አባባ ያን የእማማን ዋልዝ ጀመረ። ሬይመንድ፣ በዚያ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚመስል ልነግርህ አልችልም። ቢላዋ ሳህን ላይ ሲጎተት አስበው። ውሻው ተነሥቶ ወጣ። ጋሽ ዶይል እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ሲጨርስ ተነሥተው ማዞሪያዋን ድሮ ወደነበረችበት መለሷትና ድገመው አሉት።

አባባ ጥቂት ተጫውቶ እጁን አነሣ። «ምን አደረግክብኝ? ብርድ ልብስ ጣልክበት እኮ።»

«ኤሚል፣ ይህ የድሮው ድምፅህ ነው።»

«የድሮ ድምፄን ከእኔ በላይ ልታውቀው ነው?»

«አዎ» አሉት ጋሽ ዶይል። «ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ። አንተ ስትጫወተው ነው የኖርከው። ስሰማው የኖርኩት እኔ ነኝ። ዕቃው አልሞተም። ጆሮህ ነው።»

አባባ ፊቱ ቀላ። ወንበሬን ፈልገህ ነው የመጣኸው አላቸው። ሌላም ብዙ ነገር አላቸው፤ አልጽፈውም። እሳቸው ቆመው ሰሙት። ወንበሩን ሃርላን ሰጥቷቸው እንዳልወሰዱት አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም እንዳልናገር በዓይናቸው ከለከሉኝ። በመጨረሻ አባባ በሩ ላይ ወደ ቆመችው እማማ ዞረ።

«አልቢና፣ እውነት ነው?»

እማማ ሳህን በእጇ ይዛ ነበር። «ከገና ዳንስ ወዲህ መኪና ውስጥ ነው የምቀመጠው ኤሚል» አለች።

«ጉልበቴን አመመኝ ብለሽኝ ነበር።»

«ጉልበቴስ ያመኛል። አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ግን አያቅተኝም ነበር።»

አባባ የአልጋ አንሶላ አምጥቶ ጊታሩን እንደ ሬሳ ከደነው። ጋሽ ዶይል ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። እማማ ወጥ ቤት ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም።

በዚያ ቅዳሜ ወደ ዳንሱ አልሄደም። በቀጣዩም አልሄደም። ሃርላን የሂውስተኑን ወጣት አመጣ። ሄጄ ሰማሁት፤ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽህም። አንድም ክር አይስትም፣ የሁለቱንም ሽማግሌዎች ስልት ከሸክላ አጥንቶታል፤ የፈለግከውን ጠይቀው ያወጣልሃል። ግን ጋዜጣ ጮክ ብሎ እንደሚያነብ ሰው ነው። ቃሉ በሙሉ ትክክል፣ የደረሰበት ነገር ግን የለም። ሰዉ ደነሰ፤ ቤቱ ሄደ። አባባ በበኩሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ምግብ ቀነሰ። ዳና አጠገቡ ሄዳ ስታወራው ይስቅላታል፤ ያለችውን ግን እንዳልሰማ ከዓይኑ ታውቃለህ። እማማ ጥፋቱ የእሷ የሆነ ይመስል ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች። እውነቱን ባልተናገርኩ ኖሮ ትለኛለች፤ ደግሞ ወዲያው፣ ዝም ባልኩስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ትለኛለች።

ከፋሲካ በኋላ እሱ ራሱ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አለኝ። ከተማ ያለ የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድን። ትንሽ የመስተዋት ክፍል ውስጥ አስገቡት፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርገው፣ ድምፅ በሰማህ ቁጥር እጅህን አንሣ አሉት። እኔ ከውጭ ሆኜ አየዋለሁ። መጀመሪያ ወፍራሞቹን ሲያሰሙት ቶሎ ቶሎ ያነሣል። ከዚያ ዶክተሩ ወደ ቀጫጭኖቹ ሄደ። እኔ እንኳ በመስተዋቱ አልፎ ሽው ሲል ይሰማኛል። አባባ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የአስተማሪው ጥያቄ እንዳያመልጠው እንደሚጠነቀቅ ተማሪ ቀና ብሎ ይጠብቃል። ዶክተሩ ይጫናል፤ አባባ ይጠብቃል። ፊቴን አዞርኩ።

አባባ በየመከሩ የሚሠራበት የጥጥ መዳመጫ ማሽን ጩኸት ነው አለ ዶክተሩ። ዕድሜውን ሙሉ ያ ማሽን አጠገብ ሲቆም ቀጭኑን ድምፅ በልቶበታል፤ አይመለስም፣ እየባሰ ነው የሚሄደው። የመስሚያ መሣሪያ ለወሬ ትንሽ ይረዳዋል፣ ለሙዚቃ ግን አይሆነውም። ሰው ሲያወራም ከቃሉ ውስጥ ስል ስሉ ይጠፋበታል፤ በስልክ ሲሆንማ ጭራሽ የማይለይ ማጉረምረም ነው የሚሆንበት። አባባ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጨረሻ ድረስ የሚቆይልኝ የትኛው ነው አለ። ወፍራሙ አለው ዶክተሩ።

ፒካፑ ውስጥ ገብተን ከከተማው ወጣን። ከዚያ ያንተን ስም ያነሣው እሱ ነው፤ እኔ አላነሣሁበትም። «ሬይመንድ ሲደውል ድምፁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚለው ግን አይገባኝም። ሳይገባኝ አዎ አዎ ማለት ልጄን መዋሸት መሰለኝ። ለእናቱ ብሰጣት ይሻላል አልኩ» አለኝ። እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው ወንድሜ። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ስትብሰለሰሉ ከረማችሁ።

ጥቂት ሄደን ደግሞ እውነቱን እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ባለፈው ዓመት ምን ይመስል እንደነበር። ነገርኩት። የኦልጋ ማካላን ጥጥ ሳይቀር ነገርኩት። «እግዜር ይስጣቸው፣ በሩ ድረስ ብቻ ነው የሸሹት» አለ። ከዚያ ወደ ዶይል ቤት እንድታጠፍ አዘዘኝ።

እዚያ ስንደርስ ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ አባባን ታውቀዋለህ። መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ማዞሪያዋ የት ላይ ነበረች አላቸው። እሳቸውም ካሉበት ተነሥተው አብረውን መጡ። ጋራዡ ውስጥ አንሶላውን ገልጠው፣ አባባ ሲጫወት እሳቸው አንዴ ግድግዳው ሥር፣ አንዴ ግቢው ዳር እየቆሙ ሰምተው ቦታዋን አገኙ። እማማ ቀይ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ ምልክት አደረገችባት። አባባ ከዛሬ ጀምሮ እጄ አይነካትም ብሎ ማለ። ከዚያ በፊታችን እንዲህ አላቸው፦ «ከመድረኩ በስተቀኝ ወንበር ይኖርሃል። እኔ አልሰማውም፣ አንተ ትሰማዋለህ። የተበላሸ ቀን ባርኔጣህን አውልቅ። ያን ማታ ጊታሩን ከድኜ አልገልጠውም።»

ጋሽ ዶይል ይህን አታሸክመኝ አሉት። ሌላ የማምነው ጆሮ የለም አላቸው።

በግንቦቱ በዓል ተጫወተ። ሃርላን የሂውስተኑን ልጅ አሰናብቶ አባባን ራሱ አስተዋወቀው። እማማ ከመኪና ወርዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባባ የመጀመሪያዋን ክር ሲመታ አዳራሹ ወሬውን አቆመ። ያው ነበር፣ ሬይመንድ። ያ ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚዘገይ፣ ወፍራም ድምፅ። ኦልጋ ማካላ ባላቸውን እየጎተቱ ወደ መድረኩ ሥር መጡ። ሃርላን ስንኙን መጀመር ረስቶ አንድ ዙር አለፈው። አባባ ግን የሚያየው ክሩን አልነበረም፤ ከእማማ ፊት ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ደስ ሲላት አይቶ ነው መልካም መሆኑን የሚያውቀው። ቤት ስንመለስ ደስ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ የሰማሁት ጎረቤት ቤት ሲጫወቱ በግድግዳ በኩል የሚሰማውን ያህል ነው» አለኝ። «እጄና እግሬ መንገዱን ያውቁታል፤ እኔ ተከትያቸው ሄድኩ። ደስታው የእናንተ ነው። ለእኔ ሥራ ነው የሆነብኝ።» ይህን ሲል አላማረረም። እኔ ግን የደስታው ማታ ውስጤ ላይ ጎመዘዘብኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እየተጫወተ ነው። ጋሽ ዶይልም የራሳቸውን ዳንስ ትተው በስተቀኝ ይቀመጣሉ። አገሩ ይስቅባቸዋል፤ የኤሚል ጠባቂ መልአክ ግሪስ ይሸታል ይሏቸዋል።

ትናንት ማታ ግን ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር ሆነ። ሦስተኛው ዋልዝ ላይ አባባ ብረቱን ወደ ላይኛው አንገት አሻግሮ አንዷን ቀጭን ክር ያዘ። ብረቱ ከቦታው የአንዲት ፀጉር ያህል አለፈ። እሱ አልሰማውም። ምናልባት ከሚደንሱትም ብዙዎቹ አልሰሙትም። ጋሽ ዶይል ሰሙት። እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ። እማማ ክንዴን ጨመቀችኝ። እጃቸው ጠርዙ ላይ ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ወደ ታች ጫን አድርገው እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ።

አባባ አይቶ ነበር። መጫወቱን አላቆመም፤ ግን ከዚያ ዘፈን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወደ ላይኞቹ ክሮች አልተመለሰም። ታች ታቹን ብቻ፣ የሚሰማውን ብቻ ይዞ ጨረሰ። ሲወጡ ጋሽ ዶይል ጊታሩን በአንድ ጎን፣ አባባ በሌላው ጎን ይዘው መኪናው ላይ ጫኑት። የጋሽ ዶይል ዓይን ቀልቶ ነበር።

መንገድ ላይ አባባ፣ ሬይመንድ እረፍት የሚያገኘው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

«ጠይቂው። ይምጣና ይጫወትልኝ። እንደፈለገው ይጫወት፤ እንደ ዶይልም ቢሆን። የምሰማው ከዚህ ሳያንስብኝ ልስማው» አለኝ።

ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል፤ እኔ አላዝህም። የነዳጅ ቧንቧው ሥራ እስኪያልቅ የገባኸው ቃል እንዳለ አውቃለሁ። ግን ይህን ጉዳይ በስልክ አልነግርህም፤ ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ እማማም ትሰማለች፤ ትናንት የሆነውን ደግሞ እንዳላየች ሆና መኖር ትፈልጋለች። ስትደውል ለአባባ አትጩህበት፤ ወፈር አድርገህ፣ ቃሉን እየነጠልክ ተናገር። መጀመሪያ ስምህን በል። ያልገባው ቃል ቢኖርም ስልኩን ለእማማ እንዳይሰጣት እኔ አጠገቡ ቆሜ እደግምለታለሁ።

እማማ ሳሚልኝ፣ እቀፊልኝ ብላኛለች፤ በደብዳቤ እንዴት አድርጌ እንደማቅፍህ ግን አልነገረችኝም። ሹራብ ጀምራልሃለች፣ እጅጌው ረዝሟል። ቪክቶር ሰላም ይልሃል፤ የአጋዘን አደን ሲጀመር ጠመንጃህን አጽድቶ እንደሚጠብቅህ ንገሪልኝ አለኝ። ዳና የበረዶ ድብ ሥዕል ልካልሃለች፤ የድቡ እግር አምስት የሆነው ተሳስታ ሳይሆን አንዱ ጅራቱ ስለሆነ ነው። ሃርላን እጅህን ጨብጦልሃል። ጋሽ ዶይልም፣ «ያ ልጅ እጁን በጓንት ያሙቅ፣ ጣት አንድ ጊዜ ከበረደ አይመለስም» ብለውሃል። ለክሎቪስና አብረውህ ላሉት ሁሉ የእኛን ሰላምታ አድርስልን። አባባ ምን ልጻፍልህ ብለው፣ ነግሬሻለሁ አለኝ።

እህትህ ሚላ

ሊፓ፣ ቴክሳስ
እሑድ፣ ሰኔ 27 ቀን 1976 እ.ኤ.አ.